እትዬ ኦክቡን በስልክ ያሉት

እትዬ ኦክቡን ዳኛ ፊት ቆመው፣ ዋሽተው እናቴን እንዳዳኗት ለረጅም ዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። ሃምቡርግ ሕግ ስማር እንኳ መምህራችን ስለ ሐሰተኛ ምስክር ባነሳ ቁጥር በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ሐምራዊ ኮታቸው፣ በርበሬ ገብቶበት የማይለቅ ጥፍራቸው። ወንጀለኛ ናቸው ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ሰው ለሰው ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ያ ይመስለኝ ነበር። ለጓደኞቼም በኩራት አውርቼዋለሁ፤ እኛ አገር ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እያልኩ።

የማወራው ታሪክ ግን ከመነሻው የተጣመመ ነበር። የተጣመመውም በስምንት ዓመቴ፣ አንድ የሾርባ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ ነው።

የምንኖረው ማሳን በምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ዳገታማ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ መልኩን የማውቀው በፎቶ ነው። እናቴ ለውጭ ገበያ በሚያመርት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። አገሩ ሁሉ በዕዳ በተያዘበት፣ ባንኩም ፋብሪካውም በየተራ በተዘጋበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት ሄዳ በሩ በሰንሰለት ታስሮ አገኘችው። ሌሎቹ ሴቶች በሩን ሲደበድቡ እሷ የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ተመልሳ መጣች። ምሳውን ቤት አብረን በላነው።

ከዚያ በኋላ የሥራ አጥነት አበል ይሰጣት ጀመር። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፣ ሥራ ፈልጋ እንዳጣች ታስረዳለች፣ ማኅተም ይመታላታል። ትምህርት በሌለ ቀን እኔንም ትወስደኛለች። አዳራሹ ይሞቃል። ክራባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች ጋዜጣ ዘርግተው ከጋዜጣው ጀርባ ይደበቃሉ። እኔ የእናቴ አዲስ ሥራ ወረፋ መጠበቅ መስሎኝ ነበር። ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ይከፈላታል። ከኮሌታው ሥራ በብዙ ይሻላል ብዬ ለክፍል ጓደኞቼም ነግሬአለሁ።

እትዬ ኦክቡን ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ሾርባ ቤት ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። የአሳማ አጥንት እሳት ላይ ውሎ ያድራል፤ ጠዋት ዓሣ አጥማጆችና ተሸካሚዎች መጥተው ሩዛቸውን ሾርባው ውስጥ ገልብጠው ይበላሉ። እትዬ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከትከሻቸው የሰፋ ሴት ናቸው። አንዱ ሳይከፍል ቢወጣ አይጮሁበትም። በማግስቱ ቤቱ ሲሞላ ጠብቀው፣ «ትናንት ምነው፣ ሆድህ ከብዶህ እጅህ ኪስህ ድረስ አልደርስ አለ?» ይሉታል።

ብርዱ ጠንከር ሲል ሰፈሩ ውስጥ ኪምቺ፣ ለክረምት የሚቀመጠው በበርበሬ የተለወሰ ጎመን፣ የሚሠራበት ወራት ይገባል። ጥቅል ጎመን በጭነት መኪና ይመጣል። ሴቶቹ ወንፈል አላቸው፤ ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እነሱ ቤት። ጎመኑን ለሁለት መሰንጠቅ፣ ጨው ውስጥ ማሳደር፣ ማጠብ፣ ከዚያ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በጨው የሰነበተውን ትንንሽ ዓሣ ለውሶ በየቅጠሉ መሀል መቀባት። ማንም ለማንም አይከፍልም። የቤቱ ባለቤት የአሳማ ሥጋ ቀቅላ ታበላለች፣ ሲመሽ ለእያንዳንዷ ከአዲሱ ኪምቺ በባልዲ ታስይዛለች፤ ቀኑን ግን በቀን ትመልሳለች። በዚያ ዓመት እናቴ እትዬ ኦክቡን ቤት ሄደች። የሾርባ ቤት ኪምቺ እንደ መኖሪያ ቤት በአንድ ቀን አያልቅምና ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰች። ሌሎቹ ሴቶች ሥራ ስለሚውሉ ብቅ የሚሉት ሲመሽ ነበር። ቀን ቀን እዚያ የምትታየው እሷ ብቻ ናት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደዚያ እሄድ ነበር። በግድግዳው ስልክ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የኔ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ቀዩን የጎማ ጓንታቸውን በጥርሳቸው ስበው አወለቁና አነሱት። እናቴ ጓሮ ጎመን ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ቤቱ ውስጥ ሾርባ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ።

እትዬ መጀመሪያ «አዎ፣ አዎ» አሉ። «እዚህ ናት። ሥራዋማ ምን ይወጣለታል።» ከዚያ አዳመጡ። ዓይናቸው ወደ ደንበኞቹ ሄደ። አንደኛው ማንኪያውን አፉ ሳያደርስ ይዞ ያያቸው ነበር።

«እከፍላታለሁ እንጂ» አሉ ድምፃቸውን ከቅድሙ ከፍ አድርገው። «ምን ማለትዎ ነው? ባል የሌላትን ሴት በነጻ የማሠራ እመስላለሁ?»

ስልኩን ሰቀሉ። ጓንታቸውን አጠለቁ፣ አንድ ቁራጭ ሥጋ በአዲስ ኪምቺ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱና ወደ ጓሮ ወጡ። ለእናቴ ምንም ሲሏት አልሰማሁም።

የደወለው የጽሕፈት ቤቱ ሰው ነበር። አንድ አላፊ አግዳሚ እናቴን ጓንት አጥልቃ ስትሠራ አይቶ ጠቁሞባታል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ እናቴም ማወቅ አልፈለገችም። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ዕለት የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ደሞዝ አላት።

በጣም ደስ አለኝ። የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ነበር የተያያዘው፤ አዲስ እስኪገዛልኝ ጠበቅኩ። አልተገዛም። ይባስ ብሎ እናቴ ለማሞቂያ የምናነደውን ከሰል ቀነሰች። እንግዲህ ገንዘቡን ደብቃዋለች አልኩ። እሷ በሌለችበት ወለሉን የሸፈነውን ወፍራም ወረቀት ጥግ ገልጬ አየሁ፤ አቧራና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። አልተቀየምኳትም። ትልቅ ሰው ገንዘብ የሚደብቀው ለትልቅ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ።

ከአዲስ ዓመት በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ጫማ የምናወልቅበት ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ሾርባ ቤት ተቀጥራ እየሠራች ሳታሳውቅ አበል ወስዳለች፣ ከእንግዲህ አይሰጣትም፣ የወሰደችውንም ትመልስ ይላል። ቅሬታ አስገባች። ጸደይ ሲገባ ቅሬታዋ ውድቅ ሆነ፤ ደሞዝ እንደምትከፍላት አሠሪዋ ራሷ በስልክ አረጋግጣለች የሚል መልስ ነበር የተሰጣት። የቀራት ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ከናምሄ ደሴት ደወለ። እሱ ያለውን አልሰማሁም። እናቴ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ፍርድ ቤት ልሞክር፤ እዚያም ካልሆነ ትወስዳታለህ» አለችው። የምወሰደው እኔ ነኝ። እሷ ዕዳውን ልትከፍል ቡሳን ሄዳ ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኛ ልትሆን፣ እኔ ናምሄ አጎቴ ዘንድ ላድግ። የአጎቴ ቤት ነፋስ የማይቋረጥበት የነጭ ሽንኩርት ማሳ መሀል ነው። ሚስቱ ሬዲዮዋን ሳትዘጋ የሰው ወሬ አትሰማም፤ ሬዲዮዋን ደግሞ ስትዘጋ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ የድርሻዬን ላደርግ ወሰንኩ። እናቴ ጥፋተኛ መሆኗን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ደሞዟን እየተቀበለች ደብቃለች። ማስረጃው ደግሞ ቤታችን ውስጥ አለ። ከማጠቢያው ሥር፣ ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ፣ ከእትዬ ኦክቡን የመጣው ኪምቺ። መርማሪ መጥቶ ሳያገኘው ማለቅ አለበት። ጠዋት በሩዝ፣ ከሰዓት ያለ ሩዝ፣ እናቴ ሳታየኝ በእጄ እየዘገንኩ በላሁት። በዚያ ላይ ከርሞ ኮምጥጧል። ሆዴን ቆረጠኝ፤ አንድ ቀንም ከክፍል ወጥቼ ወደ ቤት ተላክሁ። እናቴ ባልዲውን ከፍታ አየችና፣ «የወደቀብሽ ነገር አለ እንዴ እዚህ ውስጥ?» አለችኝ። ሲያልቅ ባልዲውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፋሁት።

ባልዲውን ሊፈልግ የመጣ ሰው የለም። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ እንዲያ ያለ ባልዲ ነበረው።

ሙቀቱ ሲገባ እናቴ ለድሃ በነጻ የሚቆም ጠበቃ አገኘች። ፒዮ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ብዕሩን ጆሮው ላይ ይሰካና ጠረጴዛው ላይ ይፈልገዋል። ማራገቢያው ወረቀቶቹን እንዳይበትንበት በምሳ ዕቃው ተጭኗቸዋል። እኔን ጥግ ላይ አስቀምጠው ሲነጋገሩ ወረቀት ላይ እየሣልኩ አዳምጥ ነበር።

«እከፍላታለሁ ያሉት ሴትዮ ራሳቸው መጥተው ለዳኛው ካልተናገሩ አናሸንፍም» አላት።

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «እሳቸውን ይተዉአቸው» አለች። «ያሉትን ብለዋል። በሰው ፊት ላቆማቸው አልፈልግም።»

«ልጅዎን ከሚያጡ?»

«ሌላ መንገድ ይፈልጉልኝ።»

እኔ ይህን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። እናቴ እትዬን ፈርታለች፤ ዳኛ ፊት ከቆሙ እውነቱን ያወጡታል። ዛሬ ሳስበው የፈራችው ለእሳቸው ነበር። ገበያው ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት፣ ሥራ ያጣች ጎረቤቴን ሳምንት ሙሉ ያለ ደሞዝ አሠርቻለሁ ብለው ሰው በተሰበሰበበት ችሎት መናገር ሊኖርባቸው ነው። ለክብራቸው ሲሉ ያወጡትን ቃል መልሰው እንዲውጡት ማድረግ አልሆነላትም። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ሾርባ ቤቱ መሄድ አቁማለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች። በስልክ ያሉት ምን እንዳመጣባት አንድም ቀን አልነገረቻቸውም።

የነገራቸው ጠበቃ ፒዮ ነው። እናቴን ሳያስፈቅድ ሾርባ ሊበላ ሄደ። በማግስቱ እትዬ ኦክቡን ሽርጣቸውን ሳይፈቱ በራችን ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አላወለቁም።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽኝ» አሏት። «እኔ እኮ ያኮረፍሽው በሥጋው መስሎኝ ነበር። ጮማውን ለሌሎቹ ሰጥቼ ላንቺ ቀይ ቀዩን ስላደረስኩ።»

«እትዬ፣ ይግቡ።»

«አልገባም። ያ ጠበቃ ነኝ የሚል ልጅ ሁለት ሳህን በልቶ ነው የነገረኝ። በመጀመሪያው ሳህን ቢነግረኝ ኖሮ ሁለተኛውን አያገኛትም ነበር።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ። ጠየቁዎት፣ መለሱ።»

እትዬ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ሞኝ» አሏት። ከዚያ ወደኔ አዩ። «ይቺስ? የት ነው የምትሄደው?»

እትዬ ዞረው ዳገቱን ወረዱ። እኔ ሊያስፈራሩን የመጡ መሰለኝ። ሰው ቤት ደርሶ ጫማውን የማያወልቅ ፖሊስ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ጎመን የጫኑ መኪናዎች እንደገና መታየት በጀመሩበት ሳምንት በአውቶቡስ ወደ ቻንግዎን ሄድን። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ጠብቄ ነበር፤ የነበረው አግዳሚ ወንበርና የሚንጫጫ ማሞቂያ ነው። አንዱ ተነስቶ «ጓክ ማልሱክ» ብሎ ተጣራ፤ እናቴ ተነሳች። ሰፈር ውስጥ በኔ ስም የቦራም እናት ከመባል በቀር ስሟ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተከሰሰችው ሌላ ሴት መሰለችኝና ለአፍታ ቀለል አለኝ። የከሰሰችው እናቴ፣ የተከሰሰው ጽሕፈት ቤቱ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ዳኛው ፀጉራቸው የሳሳ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ከዚያ ቤት ኪምቺ ወስደዋል?» አሏት።

«ወስጃለሁ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ባልዲ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ሁሉ የሆድ ቁርጠት ከንቱ ቀረ።

ከዚያ እትዬ ኦክቡን ተጠሩ። ሐምራዊውን ኮት ለብሰዋል። ከኋላችን ከገበያው አብረዋቸው የመጡ ሴቶችና አንድ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ተቀምጠዋል። እትዬ እውነት ሊናገሩ ማሉ።

«በስልክ ሲጠየቁ ደሞዝ እከፍላታለሁ ብለዋል» አሉ ዳኛው።

«ብያለሁ።»

«ስንት ነበር የሚከፍሏት?»

«ምንም።»

ከኋላችን ወንበሩ ተንቋቋ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንዲያ አሉ?»

እትዬ የኮታቸውን ጫፍ ቁልቁል ሳቡት። «የደወለው ሰው በነጻ ነው ወይ የሚያሠሯት አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። እዚያ ቤት ጠጉሬ እስኪሸብት ሾርባ ቀድቻለሁ። ጎረቤቷን በነጻ የምታሠራ ተብዬ ከምዋረድ ከፈልኩ ብል ማን ይጎዳል ብዬ ነው። እሷ ትጎዳለች ብዬ አላሰብኩም።»

ስልኩ ሥር ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። እከፍላታለሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው። አሁን ደግሞ ምለው አልከፈልኩም ይላሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እንዴት አድርገው እንደሚያስመስሉት ብዬ ተገረምኩ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እኔ ናምሄ እንዳልሄድ ነው። እንደዚያ ቀን ማንንም ወድጄ አላውቅም።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። ወንፈል ከሆነ መልሱ የታለ ብሎ ጠየቀ፤ እትዬ ሄደው ለእናቴ ሠርተውላት ያውቃሉ ወይ።

«አልሠራሁላትም። ዕዳዬ ነው» አሉ እትዬ።

ዳኛው ወደ እናቴ ዞረው ለምን እንዳላስመለሰች ጠየቋት።

«መጀመሪያ የጎመን መግዣ አልነበረኝም» አለች። «በኋላ ደግሞ ጉዳዩ መጣ። እሳቸው ቤቴ መጥተው ጎመን ሲያጥቡ ቢታዩ፣ ደሞዟን በጉልበት ከፈለቻት ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ሰው ሳቀ። ወጣቱ ራሱ ፈገግ አለ። ግን አልተቀመጠም። የወይዘሮ ታክ ኦክቡን ኪምቺ ለቤታቸው የሚበላ ሳይሆን ለደንበኛ የሚሸጥ ነው አለ።

«ይሸጣል» አሉ እትዬ። «እሷ ግን የመጣችው ጎረቤቷ ስለሆንኩ ነው።»

ዛሬ ከዚያ ችሎት ሁሉ የምመላለስበት ይህ ነገር ነው። ወጣቱ ትክክል ነበር። ለቤት የተሠራ ኪምቺና ከሾርባ ጋር የሚቀርብ ኪምቺ አንድ አይደሉም፤ በእናቴ ጉልበት ሌላ ሰው አትርፏል። የዳኛውን ወንበር ብይዝ ምን እንደምፈርድ እርግጠኛ አይደለሁም። እትዬም ትክክል ነበሩ። የተማርኩት ትምህርት አንደኛውን መልስ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ የት እንደማስቀምጣቸው አላሳየኝም።

ዳኛው ለእናቴ ፈረዱ። ደሞዝ ያልተከፈለበት፣ እንደ አገሩ ልማድ የተሰጠ እርዳታ ቅጥር አይባልም አሉ። ውሳኔው ተሻረ፣ የተቋረጠው አበል ተከፈላት። እሷ በዚያን ጊዜ ሆቴል ልብስ ማጠብ ጀምራ ነበር። እኔም ናምሄ አልሄድኩም። ፍርዱን የሰማች ቀን እናቴ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ጎመን ልትገዛ ሄደች።

በማግስቱ እትዬ የራሳቸውን ጓንትና ቢላ ይዘው መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። የኛ ጎመን ከሰዓት ሳይደርስ የሚያልቅ ነበር፤ እትዬ ግን ሳምንት ነው የወሰድኩት ብለው ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሱ። ጎመኑ ሲያልቅ ብርድ ልብሳችንን አጠቡ፣ መስኮቱን በወረቀት አሸጉ፣ የኔን ቦርሳ ማንገቻ በዓሣ አጥማጅ ክር ሰፉት።

ገበያው ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ነው የያዘው። ከችሎቱ የተመለሱት ሰዎች የሰሙትን አወሩ፤ እትዬ «ኦክቡን በነጻ» ተባሉ። ሒሳብ ሲከፈል አንዱ ተነስቶ፣ «ቆይ፣ ሳህን ላጥብና ልሂድ፤ እዚህ ቤት እንደሱ ነው አሉ» ይላል። እሳቸውም በዚያው አፋቸው ይመልሱለታል፤ «አንተ ያጠብከውን ሳህን ውሻም አይበላበት።» ሰው ይስቃል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለእኛ ሲሉ ስለዋሹ የሚቀልዱባቸው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ስጠየቅ በየቀኑ የተለያየ ነገር እመልሳለሁ፤ ቋሚ ሥራም አልያዝኩም። የኪምቺው ወራት ሲገባ እናቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። «የእትዬን ቀን አንቺ ሂጂልኝ» አለችኝ። ቀኑ የማን እንደሆነ አሁን ማንም አያውቅም። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተመላለሱ፣ አንዷ ባለዕዳ ሳትሆን የቀረችበት ዓመት የለም።

እትዬ አርጅተዋል፤ ትከሻቸው ግን እንደነበረ ነው። ስልኩም ግድግዳው ላይ አለ። ጥጉ ላይ ተቀምጬ የጎመኑን ቅጠል እየገለጥኩ በርበሬ ስቀባ፣ ዓመታት ሙሉ ልጠይቃቸው ስል የኖርኩትን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ዳኛውን ሲዋሹ አልፈሩም?»

«የቱን ዳኛ?»

«ፍርድ ቤት። አልከፈልኳትም ሲሉ።»

ጓንታቸውን እንዳጠለቁ አዩኝ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርሽው እኔን ለማሳሰር ነው?» አሉ። ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው። «ለዳኛው የነገርኩት እውነቱን ነው፣ ልጄ። የዋሸሁት ለስልኩ ነው።»

ያን ቀን የእትዬን ድምፅ ሰምተን ያመንናቸው እኔና ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነን። ሾርባ የሚጠጡት ሰዎች እንኳ ውሸት መሆኑ የገባቸው ይመስለኛል። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ውሸቱ ያምር ነበር። ለጓደኞቼ ያወራሁት ውሸቱን ነው። ቆይቶ ግን ሐምራዊውን ኮት ቁልቁል ሲስቡት ታየኝ፤ ድምፃቸው የተንቀጠቀጠው ለምን እንደነበር ገባኝ።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ቤቱ ሞላ። ከመርከብ መሥሪያው የመጡ፣ ስማቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች ገቡ። አንደኛው እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ አየኝ፤ ክርኔ ድረስ በርበሬ ሆኛለሁ።

«እህት፣ ለዚህ ሁሉ ልፋት ይከፍሉሻል?» አለኝ።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከሳህኑ ቀና ሳይል ሳቀ። «እዚህ ቤት? ኦክቡን በነጻ እያሉ የሚጠሯቸውን አልሰማህም?»

እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውን ፍጅል ይከትፉ ነበር። ቢላው ቆመ። ቤቱ መልሴን ይጠብቃል።

«ይከፍሉኛል እንጂ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ደህና አድርገው ነው የሚከፍሉኝ።»

ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጓሮ አለፈ። ሽማግሌው ወደ ሾርባው ተመለሰ። ቢላው ትንሽ ቆይቶ ፍጅሉን መክተፍ ጀመረ።

«ስልኩ ቢጮህ» አሉኝ እትዬ ኦክቡን ሳይዞሩ፣ «አንቺ እንዳታነሺ።»